አልበም ስትሰሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፣ ከአንድ የጅማ ሙዚቃ ወዳድ

ከሁለት ሳምንት በፊት ፈረንጅ አራዳ ጀበና ቡና የምንጠጣበት ቦታ ቁጭ ብለን አንድ የምወደው ጓደኛዬ ስለ አንድ አዲስ አልበም ‹‹አይ እሱ አበቃለት፣ ድሮ ቀረ›› አለ። እሺ የቱ ዘፈን ነው ያልተመቸህ አልኩት። ሁለቱን ብቻ ነው የሰማሁት አለኝ፣ ሁለቱንም በስልኩ ስፒከር፣ አንዱን እንደውም ባጃጅ ውስጥ። አስራ አራት ዘፈን ያለበት ስራ ነው እኮ፣ ሰውዬው ስንት አመት የለፋበት። ምንም ሳልመልስለት ቤቴ ገባሁ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም፣ ምክንያቱም እኔም ለብዙ አመት እንደዛ ነበርኩ። ያልሰማነው አልበም ላይ ነው የምንፈርደው። ስለዚህ እኔ ራሴ የሰራኋቸውንና አሁንም ሰው ሲሰራቸው የማያቸውን ስህተቶች ቁጭ ብዬ ልጻፋቸው አልኩ። የሙዚቃ ትምህርት አልተማርኩም፣ መሳሪያም አልጫወትም፣ ግን ጅማ መርካቶ አጠገብ ካሴት ስሰማ ነው ያደግኩት እና ይሄ ነገር ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አልበሙን ቆራርጦ መስማት

በኛ ከተማ ብዙ ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በፍላሽ ነው። ሱቅ ትሄዳለህ፣ ልጁ ከኮምፒውተሩ ላይ አዳዲስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ይገለብጥልሃል፣ መኪናው ወይ ባጃጁ ላይ ትሰካዋለህ፣ ማጫወቻው ደግሞ የዘፈኖቹን ስም በፊደል ተራ ይደረድረውና አልበሙን የሰራው ሰው መግቢያ ይሁን ብሎ ያስቀመጠው ዘፈን ሰባተኛ ሆኖ ይመጣል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የሌላ ዘፋኝ ሶስት ዘፈን ገብቶበት። ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አይደለም። በካሴት ጊዜ ጎን ሀ እና ጎን ለ የሚባል ነገር ነበር አይደል፣ ጎን ሀ ላይ መጀመሪያ የሚገባው ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሰምቶት የሚገዛበት ዘፈን ነው፣ ጎን ለ መጀመሪያ ላይ ያለው ደግሞ ገልብጠህ ስትመለስ እንደገና የሚቀሰቅስህ። አሰላለፉን ቁጭ ብለው ያስቡበታል፣ እንደ ግብዣ ምግብ ነው፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደሚቀርብ የሚያውቅ አለ።

የጂጂን የ2001 አልበም ውሰዱ (ዓ.ም. ካላልኩ አመቱ በፈረንጅ ነው)። እኛ ጋ አድዋን የካቲት ላይ ብቻ የሚከፍቱት ሰዎች አሉ፣ አባይን ደግሞ ስለ ግድቡ ሲወራ። ሁለቱም አንድ አልበም ውስጥ እንዳሉ የማያውቅ ሰው ስንት አጋጥሞኛል መሰላችሁ። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፣ እነ ሄርቢ ሀንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ ተጫውተውበታል፣ የጃዝ አለም ትልልቆቹ ማለት ነው፣ እነሱ ከጀርባ ሆነው እሷ የጎጃምን ቅላጼ ሳትለቅ ከፊት ትሄዳለች። ያንን የምታገኘው ግን ከላይ እስከታች በአንድ መቀመጫ ስትሰማው ነው። ለኔ በህይወቴ ከሰማኋቸው አልበሞች ከመጀመሪያዎቹ ሶስቱ አንዱ ነው፣ እና ለአስር አመት ያህል ሁለት ዘፈኑን ብቻ ነበር የማውቀው። አሁንም ሲቆጨኝ ይኖራል።

በተበላሸ ቅጂ መፍረድ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

አጎቴ አንድ ትልቅ ቴፕ ነበረው፣ ሞተሩ አንዴ ተበላሽቶ ሰሪው ሌላ ሞተር ገጠመለት፣ ከዛ በኋላ ትንሽ ይፈጥን ነበር፣ ግን ማንም ልብ ያለው የለም። የማህሙድ አህመድን ኧረ መላ መላ የሰማሁት በዛ ቴፕ ነው፣ ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍተነው። ትልቅ ሰው ሆኜ ከሲዲ ስሰማው ይሄ ማነው አልኩ፣ ድምፁ ወረደብኝ፣ ዘፈኑ ተጎተተብኝ፣ እንደውም አጭበርብረው በሌላ ሰው ያዘፈኑት መሰለኝ። ለካ ስወደው የኖርኩት ማህሙድ ከእውነተኛው ትንሽ ቀጠን ያለ፣ ትንሽ የቸኮለ ሰው ነበር። እስክለምደው ሳምንት ፈጀብኝ። ከለመድኩት በኋላ ግን የአይቤክስ ባንድ ልጆች የሚሰሩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፣ ቤዙ እንዴት እንደሚዞር፣ ሳክስፎኖቹ እንዴት ቦታ እንደሚለቁለት፣ ማህሙድ ደግሞ ቃሉን ሲያንቀጠቅጠው እንዴት እንደማይቸኩል። ዘፈኑ ትንፋሽ አለው፣ በፈጠነው ቴፕ ላይ ትንፋሹ ጠፍቶ ነበር።

ባትሪ ሲደክም ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚሆነው፣ ይጎተታል። ከዛ ሌላ ቅጂ የቅጂ ቅጂ የሚባል ነገር አለ። ኦሪጅናሉን ገዝቶ ያመጣው አንድ ሰው ነው፣ ከሱ ጎረቤት ይቀዳል፣ ከጎረቤት ሙዚቃ ቤቱ ይቀዳል፣ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ቀጫጭኑ ድምፅ እየሞተ ይሄዳል፣ መጀመሪያ ሲምባሉ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የክራሩ ጥርት ማለት፣ በመጨረሻ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ባዶው ካሴት 60 ደቂቃ ከሆነ አንዱ ጎን 30 ነው፣ 90 ከሆነ 45፣ እና ዘፈኑ ካልበቃው መሀል ላይ ቁርጥ። አንዳንድ ዘፈን መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ያወቅኩት ከሰላሳ አመቴ በኋላ ነው፣ ሁሌ እኛ ጋ ሶስተኛው አዝማች ላይ ነበር የሚቆረጠው።

ዛሬም ያው ነው ነገሩ፣ መልኩን ነው የቀየረው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው ከካሴት ገልብጦ የጫነው፣ ከዛ ሌላ ሰው አውርዶ አሳንሶ በቴሌግራም የላከው፣ ያንን በስልክ ስፒከር። የስልክ ስፒከር ቤዝ አያወጣም፣ ስለዚህ የአልበሙን ግማሽ አልሰማችሁትም ማለት ነው። ውድ ነገር ግዙ አይደለም የምለው፣ መንገድ ዳር የሚሸጠው ተራ ኢርፎን እንኳን ከስልክ ስፒከር ይሻላል። ስለ አንድ አልበም ሳውንድ መጥፎ ነገር ከመናገራችሁ በፊት ከምን ላይ እንደሰማችሁት ራሳችሁን ጠይቁ።

የድሮውን ምርጥ ከዘንድሮው ሙሉ አልበም ጋር ማወዳደር

‹‹ድሮ ቀረ›› የሚለው ነገር ላይ ልምጣ። እኔ ድሮን እወዳለሁ፣ ይሄን ማንም እንዳይጠራጠረኝ። ግን ውድድሩ ፍትሃዊ አይደለም።

ወርቃማው ዘመን የምንለው ጊዜ ላይ አብዛኛው ሙዚቃ የወጣው በአልበም አልነበረም፣ በትንሿ ሸክላ ነው፣ ከፊት አንድ ዘፈን ከኋላ አንድ ዘፈን። አምሃ እሸቴ በ1969 የጀመረው አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ያወጣው 103 ባለሁለት ዘፈን ሸክላ ሲሆን ትልቁ ሸክላ፣ አልበም የምንለው፣ አስራ ሁለት ብቻ ነበር። ትንሿ ሸክላ ላይ በአንድ ጎን የሚገባው ሶስት አራት ደቂቃ ነው፣ ለዛ ነው የዛን ጊዜ ዘፈን ወገቡ ጠበቅ ያለው፣ መንዛዛት ቢፈልግም ቦታ አልነበረውም። ከዛ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የሚለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ፣ ከነዛ ሸክላዎች እየመረጠ እየለቀመ። እኛ ዛሬ የድሮ አልበም ብለን የምንሰማው ብዙው ነገር እንግዲህ የተለቀመ ነው፣ ከብዙ ሸክላ የወጣ ምርጥ። ቡና ለቀማ የሚያውቅ የጅማ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ ቀዩን ብቻ ለቅሞ ያቀረበ ሰውና ቅርንጫፉን ከነአረንጓዴው ያራገፈ ሰው እኩል አይታዩም። የዘንድሮ ዘፋኝ የሚያቀርብልን ሙሉውን ቅርንጫፍ ነው፣ ደካማ ዘፈኑንም ጨምሮ። ከሱ አልበም ላይ የደከሙትን ሶስቱን ይዘን ከድሮ የተመረጡትን አስር ይዘን ካወዳደርን ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው።

ሌላው፣ ወርቃማ የሚለው ስም ራሱ የደርግን ዘመን የካሴት ስራ ያስረሳል። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ወጣ፣ ሰአት እላፊው ክለቡን ገደለው፣ ሸክላው ቀረ፣ ሙዚቃው ግን አልቀረም፣ ካሴት ውስጥ ገባ። እኔ በግሌ ከሸክላው ዘመን ይልቅ የ1980ዎቹ ካሴት ነው የሚበልጥብኝ፣ ብዙ ሰው እንደማይስማማኝ አውቃለሁ። ሮሃ ባንድ፣ እነ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ስዩም በሊድ ጊታር፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ፣ ከማህሙድ ጋር፣ ከኤፍሬም ታምሩ ጋር፣ ከነዋይ ደበበ ጋር፣ እነዛ ካሴቶች ላይ ዘፈኑ ስድስት ሰባት ደቂቃ የመሄድ ነፃነት አለው እና ዘፋኙ ግጥሙን ያላምጠዋል። የኤፍሬምን ድምፅ ማታ ላይ ብቻችሁን ስሙት፣ ሌላ ምንም አልልም።

ለአዲሶቹ ደግሞ አንድ እውነተኛ ቅሬታ አለኝ፣ አልበሞቹ ረዘሙ። አስራ አራት አስራ አምስት ዘፈን ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም፣ ዘጠኝ ቢሆን ድንቅ የሚባል አልበም በአምስት ትርፍ ዘፈን ሲበላሽ አያለሁ። የዘሪቱ ከበደ የ2005 አልበም እና የእዮብ መኮንን እንደ ቃል አሁንም የማይሰለቹኝ ለዚህም ይመስለኛል፣ ትርፍ ነገር ብዙ የላቸውም። የሁለቱም ጀርባ ላይ ደግሞ ኤልያስ መልካ አለ፣ እሱ ላይ እመለሳለሁ።

አመተ ምህረት ማምታታት

አጭር ነገር ግን ብዙ ክርክር ያስነሳል። ካሴቱ ጀርባ ላይ የተጻፈው በኛ ነው፣ ሲዲውና ኢንተርኔቱ ላይ ያለው በፈረንጅ ነው፣ ልዩነቱ ሰባት ስምንት አመት። አንድ ልጅ ኧረ መላ መላ 1967 የወጣ ነው ብሎ ሲከራከር ሰማሁ፣ ሌላው ደግሞ 1975 ነው ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ፣ አንደኛው በኛ ሌላኛው በፈረንጅ። ግን የመጀመሪያውን እንደ ፈረንጅ 1967 ካነበብከው ዘፈኑ ጃንሆይ ዙፋን ላይ እያሉ ወጣ ማለት ነው፣ እውነቱ ደግሞ ደርግ ከገባ በኋላ ነው፣ ሙሉ ለሙሉ ሌላ አገር፣ ሌላ ሌሊት። አልበም የወጣበትን ጊዜ ማወቅ አልበሙን በሌላ ጆሮ ያሰማሃል። እኔ እዚህ ጽሁፍ ላይ ዓ.ም. ካላልኩ የምጽፈው በፈረንጅ ነው።

ድምፃዊውን ብቻ ማወቅ

የማን ዘፈን ነው ስትለው የዘፋኙን ስም ይነግርሃል፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ያቀናበረው ማን ስትለው ዝም። ካሴቱ ውስጥ የምትታጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር እኮ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ማንበብ የተለማመድኩት በከፊል በዛች ወረቀት ነው፣ ግጥም ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ አበበ መለሰ የሚለውን ስንት ካሴት ላይ እንዳየሁት። ፍላሹ ያንን ወረቀት አጠፋው። ለዛ ነው ኤልያስ መልካ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲሞት ብዙ ወጣት ማን እንደሞተ ሳይገባው የቀረው፣ የቴዲ አፍሮን አቡጊዳ በቃሉ የሚያውቅ፣ ዘሪቱን የሚወድ፣ ለእዮብ የሚያለቅስ ሰው፣ የሁሉንም ሳውንድ የሰራው አንድ ሰው መሆኑን አያውቅም ነበር። ቅንብሩን ስሙት፣ ጊታሩ እንዴት ስስ ሆኖ እንደሚገባ፣ ለድምፁ እንዴት ቦታ እንደሚተው፣ አንዴ ከለያችሁት በኋላ ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አውታር የሚለውን የሙዚቃ መሸጫ አፕ አስጀምሮ ነበር፣ ሙዚቀኛው በስራው እንዲበላ ብሎ።

ግርማ በየነንም ላንሳ፣ ስንቶቹን የድሮ ዘፈኖች እንዳቀናበረ፣ ከዛ አሜሪካ ሄዶ ለብዙ አመት ከሙዚቃ ጠፍቶ በ2017 የኢትዮፒክስ 30ኛ ቅጽ በሱ ስም ወጣ። ሽማግሌ ሆኖ የዘፈነው ድምፅ ውስጥ ያለው ነገር በሃያ አመት ልጅ ድምፅ ውስጥ አይገኝም።

ፈረንጅ እስኪያደንቅልን መጠበቅ

ይሄ በተለይ እኛን ጅማዎችን ይመለከታል፣ ስለዚህ በደንብ ልናገረው።

ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ነው የተወለደው፣ በታህሳስ 1936 ዓ.ም.። ይሄንን ለስንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እዚሁ ዋናው ግቢ ለሚማር፣ እንዳስረዳሁ አላውቅም፣ አብዛኛው አያምነኝም። ጎግል አድርግ እላለሁ። አንዱ ሲያረጋግጥ ያለኝ ‹‹ታዲያ ለምን ማንም አይናገርም?›› ነው፣ መልስ አልነበረኝም። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግስት ለእንግዳ ሁሉ እናሳያለን፣ ቡናውን ማሩን እንጠራለን፣ ኢትዮ ጃዝን የፈጠረው ሰው ግን የኛ ሰው መሆኑ ከአፋችን አይወጣም።

ልጅ ሆኖ ወደ ዌልስ ተላከ፣ ኢንጂነር ይሆናል ተብሎ፣ እሱ ግን ወደ ሙዚቃ ዞረ፣ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዛ ቦስተን በርክሊ። በ1966 ኒውዮርክ ላይ አፍሮ ላቲን ሶል የሚሉ ሁለት አልበሞች አወጣ፣ እነዛን ስትሰማ ገና እየፈለገ ያለ ሰው ነው፣ ላቲኑ ይበዛል፣ እኔ አልፎ አልፎ ነው የምከፍታቸው። በ1972 ያው ኒውዮርክ የቀዳው ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ ላይ ግን አገኘው። ግማሽ ሰአት እንኳን የማይሞላ አልበም ነው። ኩሉን ማን ኳለሽን እዛ ላይ ስሙ፣ እናቶቻችን ሰርግ ላይ እያጨበጨቡ የሚሉት ዘፈን ነው፣ አንድም ቃል ሳይኖረው ግን ሙሽሪት ፊትህ ትመጣለች። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ሳላስበው ግጥሙን በአፌ እያልኩ ነበር። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ ባቲ አምባሰል አንቺሆዬ፣ አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው፣ ሙላቱ ያደረገው ዜማውን እዛው አምስቱ ላይ ትቶ ከስሩ ያለውን ሃርመኒ፣ ዜማውን የሚያጅቡትን ድምፆች፣ ከምዕራቡ ሙዚቃ አስራ ሁለቱም ድምፅ መገንባት ነው። ለዛ ነው የኛም ሆኖ እንግዳ የሚመስለው። ጎረቤታችን የሆኑ ጋሼ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ አስሰምቻቸው ‹‹ልጄ ይሄ ቤታችን ነው ግን መብራቱን ሌላ ሰው ነው ያበራው›› አሉኝ። ከዛ የተሻለ ገለጻ እስካሁን አልሰማሁም።

ታዲያ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው። እኛ ሙላቱን እንደገና ማውራት የጀመርነው በ2005 አሜሪካዊው ፊልም ሰሪ ጂም ጃርሙሽ ፊልሙ ላይ ዘፈኖቹን ካስገባ በኋላ ነው፣ ፈረንጅ ሲያጨበጭብ። ማህሙድም እንደዛው፣ አልበሙ በ1986 አውሮፓ ሲታተም ነው አንዳንዱ ሰው ለካ ትልቅ ነገር ነው ያለው። ፋልሴቶንም ሌሎቹንም አመሰግናለሁ፣ እነሱ ባይሰበስቡት ስንቱ ሸክላ ምጣድ ስር ሲቃጠል በቀረ ነበር። ግን የኛ ጆሮ የራሱ ሚዛን አለው፣ ፈረንጁ ግጥሙ አይገባውም፣ ሰምና ወርቁ ያልፈዋል፣ የሚያደንቀው ግሩቩን ነው፣ በዚህም ምክንያት እሱ ዝም ብሎ ያለፋቸው እኛ ግን የምንሞትላቸው ስንት አልበሞች አሉ። ጥላሁን ገሠሠን የሚያህል ሰው ውጪ አገር የማህሙድን ያህል አይታወቅም። ያ ማለት ጥላሁን ያንሳል ማለት ነው? ቃሉን ያልሰማ ሰው ጥላሁንን ግማሹን ነው የሚያገኘው።

ሙላቱን ደግሞ ሆቴል ውስጥ ለምሳ ማጀቢያ ብቻ ማድረግ ሌላው ስህተት ነው። ሹካና ማንኪያ እየተንኳኳበት የሚሰማ ሙዚቃ አይደለም።

ቋንቋው አይገባኝም ብሎ መዝለል

ጅማ ላይ ሆኖ ይሄን ስህተት መስራት በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እኛ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሶስት ቋንቋ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ኦሮምኛ አይገባኝም ብሎ አሊ ቢራን ያልሰማ የሙዚቃ ወዳድ አለ። ድሬዳዋ አፍራን ቀሎ የሚባለው የኦሮሞ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ የጀመረ፣ ኡድ የሚባለውን ባለ ክር መሳሪያ የሚጫወት፣ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በሀረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊ፣ በአረብኛም የዘፈነ ሰው፣ የኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው። በኖቬምበር 2022 ሲሞት እዚህ ሰፈራችን ቡና ቤቱ ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሱን ነበር የሚያጫውተው፣ ቃሉን የሚያውቀውም የማያውቀውም አብሮ ሲያንጎራጉር ነበር። ድምፁ ውስጥ ያለው ልስላሴ ትርጉም አያስፈልገውም፣ ትርጉሙን ከፈለግህ ደግሞ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ጠይቀው፣ ደስ ብሎት ነው የሚነግርህ፣ እኔ ኦሮምኛዬን ያሻሻልኩት እንደዛ እየጠየቅኩ ነው። የሃጫሉ ሁንዴሳን የመጀመሪያ አልበም ሰኚ ሞቲን ስሙ፣ በ2009 የወጣ ነው፣ አብዛኛውን ግጥምና ዜማ እስር ቤት ሆኖ ነው የሰራው። በተቃራኒውም እላለሁ፣ አማርኛ አልሰማም የሚሉም አሉ፣ የጉራጌውን ለጭፈራ ብቻ የትግርኛውን ለሰርግ ብቻ የሚሉም አሉ፣ ሁሉም ራሱን ነው የሚያስርበው።

አልበሙን በአንድ ክርክር መዝጋት

የቴዲ አፍሮ ጥቁር ሰው 2012 ላይ ሲወጣ እኛ ሰፈር ከወዳጅ ጋር ተኳርፈን ነበር። ሁሉም የሚያወራው ስለ ርእሱ ዘፈን ነው፣ አንዱ ይወዳል አንዱ ይጠላል፣ ታሪክ ይጠቀሳል፣ ድምፅ ይጨምራል። ክርክሩ ራሱ ተገቢ ነው፣ ሙዚቃ ሲነካ ሰው መናገሩ ጤና ነው፣ እኔም የራሴ አቋም አለኝ። ግን ለወራት ደስ የሚል ስቃይን ስለመሰለ ዘፈን አንድ ሰው እንኳን አላወራኝም፣ ያ ዘፈን አልበሙ ላይ የሚበልጥብኝ ነው፣ ስሙ ራሱ ግጥም ነው። በ2017 ኢትዮጵያ የሚለው ሲወጣም ያው፣ ቢልቦርድ የአለም አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ አልወጣ ነበር ወሬው፣ ወጥቷል፣ ጥሩ፣ እና ማር እስከ ጧፍ ላይ ሀዲስ አለማየሁ የፈጠሯቸውን በዛብህና ሰብለወንጌልን ወደ ዜማ እንዴት እንዳመጣቸውስ? እሱ ነው የሙዚቃ ወሬ።

ማሽን ከገባበት ሙዚቃ አይደለም ማለት

ይሄን የሚሉ ሰዎች ኃይሉ መርጊያን ያዳምጡ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው፣ 1977 ላይ ቼ በለው የሚለውን አልበም የሰሩት፣ ሙዚቃዊ ስልት የሚለው ዘፈን ያለበትን። ባንዱ አሜሪካ ሄዶ እሱ እዛው ቀረ፣ በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን፣ አኮርዲዮን ይዞ፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ። የእናት አባቱን ዘመን አኮርዲዮን በማሽን ላይ ጫነው። ከዛ ለብዙ አመት ታክሲ ነዳ፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመና አለም ሰማው። ያ ካሴት ላይ ያለው ማሽን ብቸኝነቱን ነው የሚያሰማኝ፣ ባንድ ቢኖርበት ያንን አያሰማኝም ነበር።

ስለዚህ ሮፍናን በ2018 ነፀብራቅን ይዞ ሲመጣ ‹‹ይሄ ኮምፒውተር ነው›› ያሉ ሰዎች ቸኩለዋል። ልጁ ከኛው ባህላዊ ድምፅ ተነስቶ ነው ኤሌክትሮኒኩን የገነባው፣ ከስሩ ያለው ምት የኛ ነው። ሁሉንም አልወደድኩትም፣ አንዳንዱ ላይ ድምፁ ሲበዛ ግጥሙ ይሰምጣል፣ ግን ሃያ አመት ቆይተን የምናነሳው አልበም ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት መፍረድ

አልበም እንደ እንጀራ ነው፣ ሊጡ መቡካት አለበት፣ ጆሯችን ውስጥ ማለቴ ነው። እኔ አሁን ወር ሳይሞላ አስተያየት አልሰጥም። ሙላቱ በ2025 የድሮ ድርሰቶቹን እንደገና የተጫወተበት ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ ሲወጣ መጀመሪያ ሰምቼ ለምን ደገመው ነበር ያልኩት፣ የድሮዎቹ ይበልጡብኝ ነበር። በሶስተኛው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ባትሪ በኢርፎን ስሰማው ነው የገባኝ፣ ሰማንያ ያለፈው ሰው የወጣትነት ስራውን ሳይቸኩል እያንዳንዷን ድምፅ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። የ1972ቱን አይተካውም። አጠገቡ ይቀመጣል።

ኦሪጅናል ካሴት ማዋስ

የመጨረሻው ይሄ ነው፣ ማንም ቢለምናችሁ አታውሱ፣ ቤት መጥቶ ይስማ፣ ቡና አፍሉለት፣ ከፈለገ ይቅዳ። እኔ አባቴ የተወልኝን የጥላሁንን ካሴት ከስድስት አመት በፊት ለሰርግ ፈልጌው ነው ላለኝ ሰው ሰጠሁ፣ ከሱ ወደ ሌላ፣ ከዛ ወደ ሌላ ሄዶ አሁን ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ዘፈኖቹን ሁሉንም ሌላ ቦታ አገኛቸዋለሁ፣ እሱ አይደለም ችግሩ። ካሴቷ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ የአባቴ ጽሁፍ አለ፣ ጎን ለ ላይ ሶስተኛው ዘፈን ጎን ትንሽ ኮከብ ስሎበታል፣ ለምን እንደሳለው ሳልጠይቀው ሞተ። ከጅማ ሰፈሮች ቆጪም ሁኑ ጊንጆ፣ ሄርማታም ሁኑ አጂፕ፣ እንደዛ ያለች ካሴት ቤታችሁ ካለች እባካችሁ ከፍታችሁ ወረቀቷን እዩልኝ።